የምስክር ወረቀቱ ምስክር ማን ነው?

በበጎ ፈቃደኛ የወጣት መሪዎች ሥልጠና ውስጥ የምክርና የዕውቅና ቦታ፦ ዳሰሳ

አንድ አናጺ፣ አንዲት የባንክ ሠራተኛ፣ አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ቅዳሜያቸውን ለሠፈር ልጆች ይሰጣሉ። ደመወዝ የላቸውም። ከልጆቹ ጋር ድንኳን ይተክላሉ፣ ገመድ ማሰር ያስተምራሉ፣ የተጣሉትን ያስታርቃሉ፣ ያኮረፈውን ያባብላሉ። ይህን ሙያ አውቆት የተወለደ የለምና ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል። ሥልጠናው ደግሞ በብዙ ቦታ መልኩ አንድ ነው፤ አዳራሽ፣ ፍሊፕ ቻርት፣ የሻይ ዕረፍት፣ በመጨረሻም በጭብጨባና በፎቶ የታጀበ የምስክር ወረቀት።

ቋንቋችን ለዚያ ወረቀት የሰጠው ስም ከባድ ነው። ምስክር ያየ ሰው ነው። ታዲያ ወረቀቱ የሚመሰክረው ምንን አይቶ ነው? ሠልጣኙ አዳራሽ ውስጥ መቀመጡን ነው ወይስ ከልጆቹ መካከል ሲቆም ማወቁን? ከአዳራሹ ከወጣ በኋላ አጠገቡ ቆሞ ያየው ሰው አለ?

ሁለት ጉዳዮች እዚህ ላይ ይገናኛሉ። አንደኛው ምክርና ክትትል ነው፤ ብዙዎች ዛሬ ሜንተርሺፕ የሚሉት። ሁለተኛው ዕውቅና ነው። በሥልጠና ማኑዋሎች ውስጥ በየራሳቸው ምዕራፍ ይቀመጣሉ። ይህ ዳሰሳ ታሪካቸውን፣ በእነሱ ዙሪያ የቆሙትን አቋሞችና የጥናቱን ማስረጃ ይቃኛል። የሚደርስበትም መደምደሚያ አለው፤ ሁለቱ ተለያይተው ሲቀመጡ ሁለቱም ይደክማሉ።

ለማሳያ የተመረጠው የስካውት እንቅስቃሴ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ50 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት፤ በአገራችንም በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታወቀ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ለዐዋቂ መሪዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ምክርንና ዕውቅናን በአንድ ገመድ ያሰረ ሥልጠና አለው። ስሙ ዉድ ባጅ፣ ማለትም የእንጨት ዓርማ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው፦ የጊልዌል ሜዳ

ሮበርት ቤደን-ፓወል በ1907 ሃያ ያህል ልጆችን ይዞ በደቡብ እንግሊዝ በብራውንሲ ደሴት ሲሰፍር ሐሳቡ ስለ ልጆች ነበር። በ1908 «ስካውቲንግ ፎር ቦይስ» የተባለው መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ልጆች መሪ ሳይጠብቁ በየሠፈራቸው ቡድን መመሥረት ጀመሩ። ስለዚህ ከመጀመሪያው የታየው እጥረት የልጅ ሳይሆን የዐዋቂ ነበር። ለመሪዎች የሚሆን ሥልጠና በለንደንና በዮርክሽር ተሞከረ፤ ብዙም ሳይቆይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ብዙ ወጣት መሪዎችን በላ።

በ1919 ደ ቧ ማክላረን የተባለ ስኮትላንዳዊ የስካውት ኮሚሽነር በለንደን ዳርቻ፣ በኤፒንግ ጫካ ጠርዝ፣ ጊልዌል ፓርክ የተባለውን 55 ኤከር ርስት በ7,000 ፓውንድ ገዝቶ ለእንቅስቃሴው ሰጠ። በዚያው ዓመት ከሴፕቴምበር 8 እስከ 19 የመጀመሪያው ኮርስ በፍራንሲስ ጊድኒ መሪነት ተካሄደ። ሠልጣኞቹ ዐዋቂዎች ቢሆኑም የኖሩት እንደ ልጆቹ ነው። በትንንሽ ቡድን ተከፍለው ድንኳን ውስጥ አደሩ፤ እንጨት ለቀሙ፤ ምግባቸውን አበሰሉ። ልጆቹን የሚጠይቋቸውን ሁሉ አስቀድመው በራሳቸው ላይ ማየት ነበረባቸው።

ኮርሱን ለፈጸሙት ቤደን-ፓወል የሰጣቸው ምልክት ከአንድ የዙሉ የአንገት ጌጥ የተፈቱ ትንንሽ የእንጨት ዶቃዎች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ከባርኔጣ ጋር ይታሰሩ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በቆዳ ጠፍር ከአንገት ወረዱ። የጌጡ ዶቃዎች እያለቁ ሲሄዱ አንድ ከጥንቱ፣ አንድ ከአዲስ የተቀረጸ ይሰጥ ጀመር፤ በመጨረሻም ሁሉም አዲስ የተቀረጹ ሆኑ። አሁንም ሥልጠናውን የጨረሰ ሁለት ዶቃ ያደርጋል፤ ሦስትና አራት ዶቃ የአሠልጣኞች ምልክት ነው።

በ1920ዎቹ ሥልጠናው ሦስት እግር ኖረው። የመጀመሪያው ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ሠልጣኙ በጽሑፍ ለሚመጡለት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመልሳል። ሁለተኛው ካምፕ ነው። ሦስተኛው ወደ ቡድኑ ተመልሶ የተማረውን በሥራ ማሳየት ነው። ዶቃው የሚሰጠው ከሦስተኛው በኋላ ስለሆነ በካምፑ መጨረሻ ማንም ዶቃ አስሮ አይሄድም። ሠልጣኙ ከካምፑ ባዶ አንገቱን ይመለሳል፤ ከልጆቹ ጋር ይሠራል፤ ሥራውን ያየ ሰው ሲመሰክርለት ይሰጠዋል። ከ1923 እስከ 1943 የጊልዌል ኃላፊ የነበረው ጄ ኤስ ዊልሰን ይህን ሥርዓት ወደ ብዙ አገሮች አስፋፋ። በ1936 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የሙከራ ኮርስ መራ፤ በ1948 ደግሞ ዊሊያም ሂልኮርት የአሜሪካኖቹን የመጀመሪያ መደበኛ ኮርስ አካሄደ።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ እያንዳንዱ ብሔራዊ ማኅበር ይዘቱን በራሱ ይወስናል። ስለዚህ ዶቃው አንድ ሆኖ ሥልጠናው ብዙ ነው። በ1993 ባንኮክ ላይ የተሰበሰበው የዓለም ስካውት ጉባኤ የዐዋቂዎችን ጉዳይ የሚመለከት ፖሊሲ ሲያጸድቅ ሥልጠናን ከመመልመል፣ ከድጋፍና ከስንብት ጋር አያይዞ እንደ አንድ ዑደት ተመለከተው። የዐዋቂው ጉዞ ከጥሪው እስከ ስንብቱ አንድ ነው የሚለው አመለካከት ፖሊሲው ከጊዜ ወደ ጊዜ ቢሻሻልም አልተለወጠም።

ዶቃው ራሱ የሚያነሳው ጥያቄ

ስለ ዕውቅና ስንነጋገር ምልክቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ግድ ነው። ጌጡ የዙሉው ንጉሥ የሴትሽዋዮ ልጅ የዲኑዙሉ ነው ይባላል። ቤደን-ፓወል በ1888 በዙሉላንድ በዲኑዙሉ ላይ በተከፈተው የእንግሊዝ ዘመቻ ውስጥ መኮንን ነበር። ዲኑዙሉ እጁን ሰጥቶ ወደ ቅድስት ሄለና ደሴት ተጋዘ። ጌጡ በእንግሊዛዊው መኮንን እጅ እንዴት እንደገባ የሚነገረው ግን እርስ በርሱ አይስማማም፤ አንዱ ተለቆ ከተሄደ ጎጆ ተገኘ ይላል፣ ሌላው ስጦታ ያደርገዋል።

በዙሉዎች ዘንድ እንዲህ ያለው የእንጨት ዶቃ የጀግንነት ምልክት ነበር። ያገሩ ሰው ጀግናውን ያየበት ምልክት ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ በሌላ አገር ለሌላ ሥራ ዕውቅና መስጫ ሆነ። አንዳንዶች ይህን ለአፍሪካ የተሰጠ ክብር አድርገው ያዩታል። ሌሎች ደግሞ በድል አድራጊ እጅ የገባ ንብረት እንደ ክብር ምልክት ሲከፋፈል መልካም ታሪክ ለብሶ መቅረቡ ትክክል አይደለም ይላሉ። ዶቃው ይቅር የሚለው ድምፅ ብዙ አይደለም። ታሪኩ ለሠልጣኞች ሳይሸፋፈን ይነገር የሚለው ግን ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ምልክት የሚከበረው እውነቱ ሲነገር ነውና። በተለይ አፍሪካዊ የወጣት መሪ ያን ዶቃ ሲያስር ከማን አንገት እንደወረደ ማወቅ ይገባዋል።

ሜንተር ስንል ማንን ማለታችን ነው?

በዚህ ጉዳይ ላይ ክርክር የሚበዛው አንድ ቃል ለአራት ሰዎች ስለሚሰጥ ነው። አሠልጣኝ ትምህርቱን ያቀርባል፤ ከኮርሱ ጋር ሥራው ያበቃል። ተቆጣጣሪ ሥራው በደንቡ መሠረት መሠራቱን ያያል፤ ታማኝነቱም ለድርጅቱ ነው። መዛኝ ሠልጣኙ ደረጃውን ማሟላት አለማሟላቱን ይወስናል። ሜንተር ግን ከሰውየው ጋር ይቆማል፤ ልምዱን ያካፍላል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሲወድቅ ያነሳል። አንድ ሰው ከእነዚህ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ደርቦ ሊይዝ ይችላል። ደርቦ መያዙን ካላወቀ ግን ሠልጣኙ ዛሬ የሚያናግረው አማካሪውን ይሁን መዛኙን አያውቅም።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ካቲ ክራም በ1980ዎቹ በሥራ ቦታ ያሉ ግንኙነቶችን አጥንታ የሜንተርን ተግባር በሁለት ከፍላዋለች። አንዱ የሙያ ነው፤ ሥራ ማስያዝ፣ ማሳየት፣ ማስተዋወቅ። ሌላው የልብ ነው፤ መቀበል፣ ማበርታት፣ ጥሩ አርአያ መሆን። ግንኙነቱም እንደማንኛውም ሕያው ነገር ዕድሜ እንዳለው አሳይታለች፤ ይጀምራል፣ ይጎለምሳል፣ ይለያያል፣ በአዲስ መልክ ይቀጥላል። በጎ ፈቃደኛ የደረጃ ዕድገት ስለማይጠብቅ የልቡ ክፍል ለእሱ ይበልጥ እንደሚከብድ መገመት አይከብድም።

በተግባር ሁለት ሞዴሎች ጎልተው ይታያሉ። በአሜሪካው ዉድ ባጅ ሠልጣኙ «ቲኬት» የሚባል ቃል ኪዳን ይጽፋል። ቲኬቱ አምስት ግቦችን ይይዛል፤ በ18 ወራት ውስጥም መፈጸም አለባቸው። ከኮርሱ መሪዎች አንዱ የቲኬት አማካሪው ይሆናል። የዚህ ሰው ሥራ ከግብ አጻጻፍ ይጀምራል። ለምሳሌ ሠልጣኙ «የቡድኔን ካምፕ አሻሽላለሁ» ብሎ ጽፎ ይመጣል። አማካሪው አይሰርዘውም፤ ይጠይቀዋል። የትኛውን ካምፕ? አሁን ምን ይጎድለዋል? ተሻሻለ የምትለው ምን ስታይ ነው? ልጆቹ ራሳቸው ምን ይሠራሉ? ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዐረፍተ ነገሩ ይለወጣል፤ «እስከ መጪው ክረምት ልጆቹ ራሳቸው ያቀዱት፣ የምግብ ዝርዝሩንም ራሳቸው ያወጡት የሁለት ሌሊት ካምፕ እናደርጋለን» ይሆናል። የመጀመሪያው ምኞት ነበር፤ ሁለተኛውን ሰው ሄዶ ሊያየው ይችላል። የምክሩ ሙያ ያለው በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው።

በብሪታንያ ለረጅም ዓመታት የሠራው ሌላ መንገድ ነበር። እዚያ እያንዳንዱ መሪ የሥልጠና አማካሪ ይመደብለት ነበር። አማካሪው መጀመሪያ የመሪውን ቀድሞ የነበረ ዕውቀት አይቶ የትኛው ትምህርት እንደሚያስፈልገው ከእሱ ጋር ይወስን፣ በኋላም የተማረውን በሥራ ላይ ማዋሉን አይቶ ያረጋግጥ ነበር። ዕድሜ ልኩን ያስተማረ መምህር ስለ ልጆች ጠባይ አያያዝ ኮርስ ላይ እንደገና መቀመጥ ላያስፈልገው ይችላል፤ ማሳየት ግን አለበት። መማርና መረጋገጥ ተለያዩ ማለት ነው።

ስለ ምክር ማስረጃው ምን ይላል?

የሥልጠና ጥናት ደጋግሞ የሚያነሳው ችግር ሠልጣኝ የተማረውን ወደ ሥራው ይዞ አለመሄዱ ነው። ባልድዊንና ፎርድ በ1988 ባቀረቡት ሰፊ ግምገማ ይህን ሦስት ነገሮች እንደሚወስኑት አስረድተዋል፤ ሠልጣኙ፣ የሥልጠናው አቀራረብ፣ ተመልሶ የሚገባበት የሥራ ቦታ። ብዙ ድርጅቶች ጉልበታቸውን የሚያፈሱት በሁለተኛው ላይ ነው፤ ሦስተኛው ይረሳል። ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ መምህራንን ሲያጠኑ ደግሞ ንድፈ ሐሳብ መስማት፣ ማሳያ ማየትና በሥልጠናው ቦታ መለማመድ ብቻውን ክፍል ውስጥ የሚታይ ለውጥ እንደማያመጣ፣ አጠገብ ሆኖ የሚደግፍ ሰው ሲጨመር ግን አዲሱ አሠራር ሥር እንደሚይዝ ተከራክረዋል። ወጣቶችን የሚመራ ዐዋቂ ከመምህር ብዙ አይርቅምና ማስረጃው ይመለከተዋል።

ሆኖም ሜንተርሺፕ ሁሉን ፈዋሽ አይደለም። ሊሊያን ኢቢና ባልደረቦቿ በ2008 በትምህርት ቤት፣ በሥራ ቦታና በወጣቶች ፕሮግራም ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመዝኑ ውጤቱ በአብዛኛው መልካም፣ መጠኑ ግን ትንሽ ሆኖ አግኝተውታል። ይህም ሜንተር መመደብ ብቻውን ብዙ እንደማይለውጥ ያስገነዝባል። ወሳኙ የግንኙነቱ ጥራት ነው። በስም ዝርዝር ላይ የተመደበ፣ ስልክ የማይደውል ሜንተር ጨርሶ ሜንተር ከማጣት አይሻልም፤ ድርጅቱ ሥራው የተሠራ ስለሚመስለው ምናልባትም ይብሳል።

ዕውቅና፦ ሦስት አቋሞች

የመጀመሪያው አቋም ዕውቅና የበጎ ፈቃደኛ ደመወዙ ነው ይላል። ገንዘብ ለማይከፈለው ሰው ክብር መንፈግ ጭካኔ ነው። በአሜሪካ የፎር-ኤች የወጣቶች ፕሮግራም ውስጥ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው፣ ሚልተን ቦይስ በ1971 ያቀረበው ሞዴል የበጎ ፈቃደኛን አያያዝ በሰባት ደረጃ ሲከፍል መለየት፣ መምረጥ፣ ማለማመድ፣ ማሠልጠን፣ ማሠራት፣ ዕውቅና መስጠት፣ መገምገም ብሎ ነበር። ማርክ ሄገርና ጄፍሪ ብራድኒ በ2004 በአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ላይ ባወጡት ጥናትም ዕውቅና የሚሰጡና የሚያሠለጥኑ ድርጅቶች ፈቃደኞቻቸውን በተሻለ ያቆያሉ።

ሁለተኛው አቋም ያስጠነቅቃል፤ ሽልማት የውስጥ ፍላጎትን ይበላል ይላል። የዚህ አቋም ታዋቂ ማስረጃ በ1973 በማርክ ሌፐር፣ በዴቪድ ግሪንና በሪቻርድ ኒስቤት የታተመው ሙከራ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሥዕል መሣል የሚወዱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች ተመረጡ። የአንደኛው ወገን ልጆች ከሣላችሁ የወርቅ ማኅተምና ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ ተባሉ። ሁለተኛው ወገን ምንም ሳይነገረው ሣለና ያንኑ ወረቀት በድንገት ተቀበለ። ሦስተኛው ቃልም ወረቀትም አላገኘም። ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሞቹ በነፃ ጨዋታ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፤ የሚያስገድድም የሚሸልምም የለም። የሽልማት ቃል ተገብቶላቸው የነበሩት ልጆች ለሥዕሉ የሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። በድንገት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። የጎዳው ያ ባለሪባን ወረቀት ሳይሆን አስቀድሞ መደለያ መሆኑ ነበር።

በዐዋቂዎችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ብሩኖ ፍራይና ሎሬንዝ ጎተ በስዊዘርላንድ ፈቃደኞች ላይ ባደረጉት ጥናት ገንዘብ የሚከፈላቸው ፈቃደኞች የሚሰጡት ሰዓት ቀንሶ ተገኝቷል። በ1999 ዴሲ፣ ኮስትነርና ራያን 128 ሙከራዎችን ሲያጠቃልሉ አስቀድሞ የሚጠበቅ ተጨባጭ ሽልማት የውስጥ ፍላጎትን ሲቀንስ የቃል ምስጋና ግን ከፍ እንደሚያደርግ ደምድመዋል። ክርክሩ ግን አልተዘጋም፤ ከእነሱ አምስት ዓመት ቀድመው ካሜሮንና ፒርስ ተመሳሳይ ጥናቶችን ደምረው ሽልማት በአጠቃላይ ጉዳት የለውም ብለው ነበር። ሁለቱ ወገኖች ለዓመታት በመጽሔት ላይ ተሟግተዋል።

ሦስተኛው አቋም ጥያቄውን ይቀይረዋል። ሽልማት ይኑር አይኑር ከማለት ይልቅ ምን ዓይነት፣ በምን ሁኔታ፣ ማን የሰጠው ይላል። ያና ጋሉስ በ2017 ባወጣችው ጥናት በጀርመንኛው ዊኪፒዲያ ላይ ለአዲስ ጸሐፊዎች በዕጣ ምልክት ብቻ የሆነ፣ ገንዘብ የሌለው ሽልማት እንዲሰጥ አድርጋ ነበር። በቀጣዩ ወር ጽሑፋቸውን የቀጠሉት ሰዎች ቁጥር ካልተሸለሙት በ20 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከአፍሪካም ማስረጃ አለ። በዛምቢያዋ ሉሳካ ፀጉር ቤቶች የኤድስ መከላከያ እንዲሸጡ በተደረገ ሙከራ፣ ለሽያጩ በግድግዳ ላይ ኮከብ የሚለጠፍላቸው ባለሙያዎች ከፍ ያለ የገንዘብ ትርፍ ከተሰጣቸው ይልቅ ብዙ ሸጡ።

ከዛምቢያ የመጣው ሌላው ጥናት ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል፤ የተደረገው በሥልጠና ላይ ነውና። ናቫ አሽራፍ፣ ኦሪያና ባንዲዬራና ስኮት ሊ በአገር አቀፍ የጤና ሠራተኞች ሥልጠና ውስጥ ሽልማትን በየብልቱ ለያይተው ፈተሹት፤ ደረጃን ማወዳደር ለብቻ፣ በሰው ፊት መታየት ለብቻ፣ የአሠሪ ዕውቅና ለብቻ። ማወዳደሩ ውጤት ቀነሰ፤ በተለይ ደከም ያሉትን ጎዳ። በሰው ፊት መታየትና የአሠሪ ዕውቅና ሲታከሉበት ግን ጉዳቱ ረገበ። ትምህርቱ ጥርት ያለ ነው። «አንደኛ የወጣ» የሚለው ሽልማት አንዱን ሲያነሳ ሃያውን ሊጥል ይችላል፤ የእያንዳንዱን ሥራ አይቶ በሰው ፊት መናገር ግን ማንንም ሳይጥል ያነሳል።

ሰው ወደ በጎ ፈቃድ የሚመጣበት ምክንያትም አንድ አለመሆኑ ነገሩን ያወሳስበዋል። ክላሪ፣ ስናይደርና ባልደረቦቻቸው በ1998 ስድስት ምክንያቶችን ለይተዋል፤ እምነት፣ ዕውቀት መሻት፣ ለራስ የሚሰጥ ዋጋን ማሳደግ፣ የሥራ ልምድ፣ ማኅበራዊ ቅርበት፣ ከራስ ጭንቀት መሸሸግ። ሥራ ፈላጊዋ ወጣት ወረቀቱ ያስፈልጋታል፤ ለፋይሏ ነው። በእምነቱ የሚያገለግለው አዛውንት ግን መድረክ ላይ ሲጠራ ሊሳቀቅ ይችላል፤ ለእሱ አንድ ልጅ ያደረገውን ለውጥ መንገር ከዋንጫ ይበልጥበታል። ማን የቱን እንደሚፈልግ የሚያውቀው በቅርብ ያለ ሰው ነው። ጉዳዩ እንደገና ሜንተሩ ጋ ይመጣል።

መካሪ መዛኝ ይሁን?

ሁለቱ ጉዳዮች ሲገናኙ ያልተፈታ ውጥረት ይነሳል። ዕውቅናው እውነተኛ እንዲሆን ሥራውን ያየ ሰው መመስከር አለበት። ሥራውን ያየው ሜንተሩ ነው። ሜንተሩ መዛኝ ከሆነ ግን ሠልጣኙ ድክመቱን ይደብቀዋል። «ልጆቹ እምቢ አሉኝ፣ አቃተኝ» ብሎ ለመናገር ነገ ፊርማ የሚጠይቀውን ሰው ይፈራል።

አንዱ ወገን አንድ ሰው ሁለቱንም ይሥራ ይላል። ፈቃደኛ ጥቂት ነው፤ ሁለት ሰው ከየት ይመጣል? ደግሞ በቅርብ ያላየ ምን ይመዝናል? ሌላው ወገን ይለያዩ ባይ ነው። ሄገርና ብራድኒ ካገኟቸው አስገራሚ ውጤቶች አንዱ ለዚህ ወገን ያደላል፤ ፈቃደኞችን አዘውትረው የሚቆጣጠሩና የሚያነጋግሩ ድርጅቶች ፈቃደኛ የማቆየት አቅማቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ታይቷል። ይህ ግንኙነት መንስኤና ውጤትን አያረጋግጥም፤ ፈቃደኛ የሚሸሻቸው ድርጅቶች ቁጥጥር አጥብቀው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ድጋፍ ቁጥጥር ሲመስል ሰው እንደሚሸሽ ያስታውሰናል።

በዚህ ነጥብ ላይ የአገራችን የአብነት ትምህርት የቆየ ምሳሌ አለው። ዓላማውም ሕይወቱም ከስካውት ካምፕ የተለየ ነው፤ የጋራቸው ጥያቄው ነው። የድጓ ተማሪ ለዓመታት ከአንድ መምህር እግር ሥር ይቀመጣል፤ መምህሩ ድምፁንም ጠባዩንም ያውቀዋል። ሲበቃ ግን ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ «ያስመሰክራል»። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረውም ዙር አባ ይሄዳል። ያሳደገው አንድ፣ የመሰከረለት ሌላ ነው። የመጀመሪያው መምህር ተማሪውን ሲያርም ፈታኝ መሆን አያስጨንቀውም፤ ሁለተኛው ሲመዝን ፍቅር እንዲያደላ አያደርገውም። «አስመስክሮ መጣ» የሚለው ቃል የሚከበረው ከጀርባው ሁለት ዓይን ስላለው ነው።

ይህን ወደ በጎ ፈቃደኛ ሥልጠና ማምጣት ቀላል አይደለም፤ የቅዳሜ ፈቃደኛ ጋይንት ድረስ አይሄድም። መካከለኛ መንገድ ግን አለ። ሜንተሩ ዝግጁነቱን ይናገራል፤ ሌላ ልምድ ያለው መሪ አንድ ቀን መጥቶ ቡድኑን ያያል፤ ልጆቹም ይጠየቃሉ። የልጆቹ ቃል በአብዛኛው ሥርዓት ውስጥ የተዘነጋ ምስክርነት ነው፤ መሪውን በየሳምንቱ የሚያዩት ግን እነሱ ናቸው።

ያልተፈቱ ነጥቦች

የመጀመሪያውና ከባዱ የልጆች ደኅንነት ነው። የአሜሪካ ቦይ ስካውት በ2020 ለኪሣራ ሲያመለክት ከ82,000 በላይ ሰዎች በልጅነታቸው ጾታዊ ጥቃት ደረሰብን ብለው ቀርበዋል። ይህ ቁጥር ስለ ዕውቅና ለሚያስብ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። ሜዳልያና ዶቃ ሰውን በማኅበረሰቡ ዓይን ታማኝ ያደርጉታል፤ የተከበረን ሰው መጠርጠርም መክሰስም ይከብዳል። ስለዚህ ዶቃ የሥልጠና ምልክት እንጂ የጠባይ ዋስትና አይደለም መባል አለበት። ሁለት ዐዋቂ ባለበት ብቻ ከልጆች ጋር መሆን፣ የኋላ ታሪክ ማጣራትና ነፃ የአቤቱታ መንገድ ዶቃ ላለውም ለሌለውም እኩል ይሠራሉ። ሜንተርም ወዳጅነቱ ዓይኑን እንዳይጋርደው ግዴታው መጀመሪያ ለልጁ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው የሜንተሩ ድካም ነው። ሜንተሮችም ፈቃደኞች ናቸው። የሠልጣኙ ዶቃ በአደባባይ ይሰጣል፤ 18 ወር ስልክ የደወለው ሰው ግን ከጀርባ ቆሞ ያጨበጭባል። ሦስተኛና አራተኛ ዶቃ ያለው ለአሠልጣኝ እንጂ ለመካሪ አይደለም። መካሪ እንዴት ይሠልጥን፣ ስንት ሰው ይያዝ፣ ማን ያመስግነው የሚሉት ጥያቄዎች በጥናቱም በፖሊሲውም ቀጭን መልስ ነው ያላቸው።

ሦስተኛው የማስረጃው ርቀት ነው። ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች ከመዋዕለ ሕፃናት፣ ከኢንተርኔት ጸሐፊዎች፣ ከጤና ሠልጣኞች፣ ከመምህራን የመጡ ናቸው። ለቅዳሜው አናጺ ምን ያህል ይሠራሉ? አቅጣጫ ያሳያሉ፤ ልክ አይሰጡም። የሁሉም ጥያቄዎች መጨረሻም ከመሪው አልፎ ልጁ ነው፤ መሪው ሜንተር ስለነበረው ወይም ዶቃ ስላሰረ ልጁ ምን አተረፈ? ይህ ሰንሰለት እስከ መጨረሻው የሚለካው ከስንት አንዴ ነው።

አራተኛው የእኛው ነው። በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ በሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ በቀይ መስቀል፣ በሠፈር ክበቦች ወጣቶችን የሚመሩ ብዙ ሰዎች አሉን። አጭር ሥልጠናና የምስክር ወረቀትም እንግዳ አይደሉም። የሚጎድለው በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ ሠልጣኙ ወደ ሥራው ተመልሶ፣ ተሳስቶ፣ ተመክሮ፣ ታይቶ የሚቆይበት። ለዚያ ጊዜ የሚያስፈልገው ከገንዘብ ይልቅ ሰው ነው። የወረቀቱን ርክክብ ከሥልጠናው የመጨረሻ ቀን ወደ ስድስት ወር በኋላ ማሻገር፣ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ታላቅ መመደብ፣ ወረቀቱ ላይም «ተካፍሏል» ከማለት ያደረገውን አንድ ነገር በስሙ መጻፍ፤ ይህ ከአቅም በላይ አይደለም።

ማጠቃለያ

የመቶ ዓመቱ ተሞክሮና የቅርቡ ጥናት ተደምረው የሚሰጡት ምስል ይህ ነው። ምክር ያለ ዕውቅና ለብቻ የሚለፋ መካሪ ይተዋል። ዕውቅና ያለ ምክር ደግሞ ማንም ያላየውን ሥራ ያወድሳል። መደለያ የሆነ ሽልማት ፍቅርን ይሸረሽራል፤ ማወዳደሪያ የሆነ ሽልማት ደካማውን ይጥላል። ሥራውን ያየ ሰው በግልጽ የተናገረው ምስጋና ግን ከሁለቱም ጉዳት የራቀ፣ ማስረጃውም የሚያግዘው ነው። መካሪና መዛኝ አንድ ይሁኑ ወይስ ይለያዩ የሚለው ክርክር ይቀጥላል፤ መልሱም እንደ ቦታው አቅም ይለያያል። ሁለቱንም ወገን የሚያስማማ አንድ ነገር ግን አለ። የ1920ዎቹ ሠልጣኞች ከጊልዌል ካምፕ ባዶ አንገታቸውን የተመለሱበት ምክንያት ጊዜው አላለፈበትም፤ ዶቃው ካምፑ ውስጥ ሳይሆን ከልጆቹ መካከል ነበር የሚገኘው። ወረቀትም ቢሆን ዶቃ፣ ከመስጠታችን በፊት ሄደን እንይ። ያኔ የምስክር ወረቀቱ በእርግጥ ምስክር ይኖረዋል።